ኮምፒዩተሩ የመለሰውና ያልመለሰው
ከመብራት መጥፋት በኋላ መልሰው ስለሚከፈቱ የመምህራን ሰነዶች የቀረበ ሒስ

በትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒዩተር የጽሕፈት መኪና ምትክ ብቻ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። ዛሬ የፈተና ጥያቄ የሚዘጋጅበት፣ የተማሪዎች ውጤት የሚሰላበት፣ ሮስተር የሚወጣበትና የዓመቱ ሪፖርት የሚጠናቀርበት መሣሪያ ነው። ስለ አከፋፈቱ፣ ስለ አዘጋጉና በእርሱ ስለ መጻፍ በሥልጠና ኮሌጆቻችን ብዙ ይነገራል። ነገር ግን መሣሪያው ሳይታሰብ ጠፍቶ እንደገና በሚነሣበት ጊዜ፣ ቀድሞ ተከፍተው የነበሩትን ፕሮግራሞችና ሰነዶች መልሶ ስለሚከፍትበት መንገድ የሚነገረው ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ይኸውም «ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ምክሩን ሳይፈጽም የቀረ መምህር፣ መሣሪያው ራሱ የመለሰለትን ሰነድ ከፊቱ ሲያገኝ ምን ማድረግ እንደሚገባው አይነግረውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መልሶ የመክፈት አሠራር መመርመር ነው። ጸሐፊው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ እንጂ የኮምፒዩተር ሊቅ ባለመሆኑ ጉዳዩን የሚመለከተው ከመምህሩ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። አቋሙን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ የአሠራሩ ዋና ጉድለት ሁሉን ለመመለስ አለመቻሉ አይደለም። ያልመለሰውን አለመናገሩ ነው።

ጸሐፊውን ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰው አንድ አጋጣሚ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ለመከታተል ወደ ቤሌ ሄዶ ነበር። ቤሌ ከሶዶ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ በወላይታ ዞን የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጊዜው የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መዝጊያ በመሆኑ በጎበኘው ትምህርት ቤት መምህራኑ ሁሉ በውጤት ሥራ ተጠምደው ነበር። በአስተዳደሩ ክፍል ውስጥ ያለችው ኮምፒዩተር አንዲት ብቻ ስለሆነች የክፍል ኃላፊ መምህራን ተራ ይዘው ይጠቀሙባታል። አንድ የ7ኛ ክፍል ኃላፊ ከየመምህራኑ የተሰበሰበውን ማርክ ሊስት ከጐኑ ዘርግቶ ውጤቱን በሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ያስገባ ነበር። የመጨረሻው ዓምድ ሒሳብ ነው። ስሞቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ስለሆኑ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ጨረሰው፤ ወዲያው መብራት ጠፋ።

ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ መብራት ተመለሰ። ኮምፒዩተሯ ተነሣች፤ ፕሮግራሙም ሲከፈት የተረፈውን ሰነድ አቀረበ። መምህሩ በእፎይታ ተመለከተው፤ ስሞቹ አሉ፣ ዓምዶቹ አሉ፣ ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው በየቦታቸው አሉ። ተራ የሚጠብቁ ባልደረቦች ከበስተኋላው ቆመው ነበርና አትሞ ወጣ። በማግሥቱ ሮስተሩ ተለጠፈ።

ስሕተቱን ያገኘችው ተማሪ ናት። ክፍሉን ስትመራ የቆየች ልጅ ሰባተኛ ሆና አገኘችው። ወደ ክፍል ኃላፊዋ ሄዳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቲቸር፣ ሒሳብ ተደምሯል ወይ?»

ተደምሯል፤ ግን ለሁሉም አልተደመረም። ፕሮግራሙ የመለሰው ቅጂ መብራቱ ከመጥፋቱ ከደቂቃዎች በፊት የተያዘ በመሆኑ የሒሳብ ውጤት የነበረው እስከ ስም ዝርዝሩ አጋማሽ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ተማሪዎች ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። አማካይ የሚያወጣው ቀመር ደግሞ ባዶ ሳጥንን እንደ ዜሮ አይቆጥርም፤ ጨርሶ ይዘለዋል፤ አካፋዩንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሒሳብ በዚያ ክፍል ብዙዎች ዝቅተኛ ውጤት ያገኙበት ትምህርት ስለ ነበር፣ የሒሳብ ውጤታቸው የጠፋባቸው ልጆች አማካያቸው ከፍ አለ። ውጤታቸው የተሟላላቸው ግን በደረጃ ወደ ታች ወረዱ። ስሟ በፊደል ተራ ከፊተኞቹ አንዱ የሆነው ልጅ የተቀጣችው ሒሳቧ በትክክል ስለ ተመዘገበላት ነው ማለት ይቻላል። ድምሩና አማካዩ ጐን ለጐን ቢታዩ ኖሮ ነገሩ ይገለጥ ነበር፤ ድምሩ አንሶ አማካዩ በልጦ ይታያልና። ግን ያየው አልነበረም። በወረቀት የተጻፈው ማርክ ሊስት በእጅ ላይ ስለ ነበር ሮስተሩ በማግሥቱ ታረመ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋለን።

መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ እርሱን ያሠለጠንነው እኛ በመሆናችን ወቀሳው ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ነገር ከሥሩ ማየት ይገባል።

ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው። አንደኛው የሚሠራበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ይህን በሰሌዳ ልንመስለው እንችላለን። ፈጣንና ለሥራ የተመቸ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን ዳስተር ሳያስፈልገው በቅጽበት ይጠፋል። ሁለተኛው ዲስኩ ነው፤ ይህም ደብተሩ ነው። ከሰሌዳው ይዘገያል፤ የተጻፈበት ግን መብራት ቢጠፋም ይቈያል። መምህሩ በቁልፍ ሰሌዳው የሚያስገባው ቁጥር ሁሉ መጀመሪያ የሚጻፈው በሰሌዳው ላይ ነው። ወደ ደብተሩ የሚገለበጠው ራሱ ሲያዝዝ፣ ወይም ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ሲገለብጥ ነው። በነገራችን ላይ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በሰፊው ያገለገለው የማኅደር ዓይነት ከጥቃቅን የመግነጢስ ቀለበቶች የተሠራ ስለ ነበር ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም ነበር። የዛሬው ማኅደር ፍጥነትንና ስፋትን አግኝቶ ያንን ጠባይ አጥቷል።

ከዚህ ተነሥተን ስንመለከተው «ኮምፒዩተሩ ሥራዬን መለሰልኝ» የሚለው አነጋገር የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ ሆኖ እናገኘዋለን። መሣሪያው በፈቃድ ዳግም ሲነሣ፣ ለምሳሌ አዲስ ማሻሻያ ሲጫንለት፣ ለየፕሮግራሙ የመዘጋት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ እነርሱም ምን ተከፍቶ እንደ ነበር መዝግበው ይዘጋሉ፤ በኋላም በዚያው መዝገብ መሠረት ይከፈታሉ። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ፕሮግራሞች ለዚህ እንዲመዘገቡ ፈቅዷል፤ ከእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከዳግም መነሣት በኋላ ፕሮግራሞችን በራሱ ይከፍት ጀመር። የአፕል ኮምፒዩተሮችም ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ተጠቃሚው ሲመለስ መስኮቶቹ እንዲከፈቱ ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው አሠራር የሰሌዳውን ይዘት እንዳለ ወደ ደብተሩ ገልብጦ መተኛት ነው፤ በዊንዶውስ ሀይበርኔት የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ መንገድ የተኛ ኮምፒዩተር ሲነቃ በመካከል የጠፋ ፊደል አይኖርም። ሁለቱም ግን ጊዜ ይሻሉ፤ ሁለቱም መሣሪያው እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማወቁን ይጠይቃሉ።

በቤሌ የሆነው ሦስተኛው ነው። መብራት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሲጠፋ የሚመለሰው አስቀድሞ በደብተሩ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው። በሰፊው የምንጠቀምባቸው የማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴል፣ አሠራራቸው ካልተለወጠ በቀር፣ ለመጠባበቂያ የሚሆነውን ቅጂ የሚይዙት በየ10 ደቂቃው ነው። አሥር ደቂቃ ለደራሲ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ አንድ አንቀጽ ቢጠፋበት አስታውሶ ይጽፈዋል። ለመምህር ግን ብዙ ነው። ስድሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል የአንድ ትምህርት ውጤት ለማስገባት እጁ የለመደ ሰው አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። እንግዲያውስ በሁለት ቅጂዎች መካከል አንድ ሙሉ ትምህርት ሊጠፋ ይችላል፤ ውጤት ደግሞ እንደ አንቀጽ ከአእምሮ ተወስዶ መልሶ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ይህን የጊዜ ልክ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ደቂቃ ማውረድ ይቻላል፤ ከፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ አንድ ቁጥር ከመለወጥ በላይ ሥራ የለውም። ይህን የሚያውቅ ዕጩ መምህር ግን ጸሐፊው እምብዛም አላጋጠመውም።

ለእነዚህ ፕሮግራሞች ተገቢውን ፍርድ መስጠት ይገባል። የተረፈውን ሰነድ ሲያቀርቡ ከጐኑ ቅጂው የተያዘበትን ሰዓት ይጽፋሉ፤ ተጠቃሚው ራሱ ያስቀመጠውንና ፕሮግራሙ የያዘውን ቅጂም ለይተው ያሳያሉ። ሆኖም ሰዓቱ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ በዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ትርጕሙንም የሚያብራራ ቃል የለውም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሰነዱ መልክ ነው። የተሟላው ሰነድና የጐደለው ሰነድ በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ያው ስም፣ ያው ቀለም፣ ያው መሥመር። ዓይን የለመደውን ነገር ሲያገኝ አእምሮ ተሟልቷል ብሎ ይቀበላል።

«መሣሪያው ያልተጻፈለትን ነገር እንዴት ሊናገር ይችላል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ጥሩ ይመስላል፤ ግን አይጸናም። ዊንዶውስ በድንገት ጠፍቶ ሲነሣ፣ ባለፈው ጊዜ ሳይታሰብ የጠፋበትን ሰዓት በውስጥ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ፕሮግራሙም ቅጂውን የያዘበትን ሰዓት ያውቃል። ከሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አውጥቶ «በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ የሠራኸው ሁሉ እዚህ ላይ የለም» ብሎ በጉልህ ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ የመቀነስ ሒሳብ ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዕቃ ሲያስረክብ በሞዴል 19 የገባውንና በሞዴል 22 የወጣውን አስተያይቶ ጉድለቱን በርክክቡ ሰነድ ላይ ያሰፍራል፤ ጉድለቱን ሳይጽፍ የቀረውን ብቻ ቢያስረክብ ይጠየቅበታል። ከኮምፒዩተሩ የምንጠይቀው ከዚህ አይበልጥም።

የሚጠየቀው ነገር አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቪ አይ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጋሩት ኮምፒዩተር በድንገት ሲወድቅ የተረፈውን ጽሑፍ ለየባለቤቱ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ለየአንዳንዱ ሰው በስሙ መልእክት ይልክለታል፤ የየትኛው ጽሑፍ ቅጂ እንደ ተረፈና በምን ትእዛዝ እንደሚገኝ ይነግረዋል። ባለቤቱ አንብቦ፣ አስቦ፣ ፈቅዶ ነው የሚከፍተው። የዛሬው ፕሮግራም ከዚያ እጅግ የተዋበ ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ግን አይጽፍም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969) የሆነው ነው። አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በምትወርድበት ጊዜ የመሪው ኮምፒዩተር ሥራ ከአቅሙ በላይ ስለ በዛበት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ ራሱን እንደ አዲስ አስነሣ። መሐንዲሶቹ እያንዳንዱ ዋና ሥራ ከየት እንደሚቀጥል አስቀድመው በማኅደሩ ውስጥ ምልክት አድርገውበት ስለ ነበር፣ ኮምፒዩተሩ የማውረዱን ሥራ ካቆመበት ቀጠለ፤ ከዚያ ያነሰውን ሥራ ጣለ። ለጠፈርተኞቹም 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳያቸው። እነርሱ ቁጥሩን ወደ ምድር አስተላለፉ፤ በምድር ያሉትም ትርጕሙን ያውቁ ነበርና ቀጥሉ አሏቸው። የሚመለሰውና የሚጣለው አስቀድሞ ተለይቷል፤ ችግር መድረሱ ለሰው ተነግሯል፤ ተቀባዩም ምልክቱን ለማንበብ ሠልጥኗል። በቤሌው ክፍል ውስጥ ከእነዚህ አንዳቸውም አልነበሩም።

ካቆሙበት መቀጠል ለመምህር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ማንኛውም መምህር ክፍል ሲገባ «ባለፈው የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ለወጉ ያህል ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ከተማሪዎቹ መልስ ተነሥቶ የተረሳውን ይለያል፤ ካስፈለገም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት አሳይቶናል። በዚያን ጊዜ ያስተማሩ ሁሉ ያስታውሱታል። መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆመውም ሊመልሰውም አይችልም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስክሪኑ ይበራል፤ የሚገኘው ግን ሥርጭቱ በደረሰበት እንጂ ክፍሉ በቆመበት ቦታ አይደለም። በመካከል ያለፈው ምሳሌ አልፏል፤ የቀረውን ምሳሌ ለመረዳት ግን የግድ ያስፈልግ ነበር። የኮምፒዩተሩ ሰነድና የፕላዝማው ትምህርት በአሠራር አይገናኙም፤ ጉድለታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም በመካከል ክፍተት መኖሩን ሳይናገሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ከመጥፋት ቀጥሎ የሚያሳስበው ከሚገባው በላይ መመለስ ነው። የእነዚህ ፕሮግራሞች ሠሪዎች በአእምሯቸው የያዙት አንድ ሰው አንድ ኮምፒዩተር የሚይዝበትን ኑሮ ነው። እኛ ዘንድ አንዷን ኮምፒዩተር ርእሰ መምህሩ፣ የጽሕፈት ሠራተኛዋ፣ የክፍል ኃላፊዎቹና አንዳንዴም የልምምድ ዕጩዎች በአንድ የመግቢያ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይጠቀሙባታል። ለመሣሪያው እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ ረፋድ ላይ የማጠቃለያ ፈተና ሲጽፍ መብራት የጠፋበት መምህር ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ኖሮት ቢሄድ፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙን የሚከፍተው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የፈተናውን ቅጂ ከነሰዓቱ ይቀርብለታል። ፈተናው ገና በዲስኩ ላይ በስሙ ያልተቀመጠ ቢሆን እንኳ ይቀርብለታል። በፈተና አጠባበቅ ላይ ይህን ያህል በምንጨነቅበት አገር፣ የማባዣ ክፍሉን በር በሁለት ቁልፍ እየዘጋን ይህን በር ክፍት መተዋችን ሊታሰብበት ይገባል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን የመግቢያ ስም መስጠት ነው፤ ዊንዶውስ ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቅዳል። የተረፉት ቅጂዎችም ለየባለቤታቸው ብቻ ይቀርባሉ።

በአገራችን ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ሌላም ነገር ያጋጥመዋል። ሰነዱ ይመለሳል፤ የፊደሉ መጻፊያ ፕሮግራም ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ እንዲነሣ ካልተደረገ አይመለስም። መምህሩ ካቆመበት ዐረፍተ ነገር ለመቀጠል ቁልፉን ሲመታ የላቲን ፊደል ይወጣል። ይህ ወዲያው ስለሚታይ ጉዳቱ ቀላል ነው። በቆዩት፣ ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩት የግዕዝ ፊደላት የተጻፈ ሰነድ ግን ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ያላወቀ ሰውም ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ ዛሬ በአሮጌው መንገድ ለመጻፍ የሚያስገድድ ምክንያት የለም ለማለት ይቻላል።

አዲሱ ዝንባሌ ማስቀመጥ የሚባለውን ነገር ከተጠቃሚው እጅ ማውጣት ነው። ሰነዱ በበይነ መረብ አማካይነት በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ወዲያው ይጻፋል። መረቡ ላልተቋረጠበትና አገልግሎቱን ለያዘ ሰው መልካም ነው፤ በገጠርና በአነስተኛ ከተሞች ለሚሠራ መምህር ግን ለጊዜው የሚተማመኑበት አይደለም። አደጋም አለው። የአምናውን ፈተና ከፍቶ የዘንድሮውን በላዩ ለመሥራት የጀመረ መምህር፣ ሌላ ስም ከመስጠቱ በፊት የአምናው ተሽሮ ያገኘዋል። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን አሠራር ሲያስገባ «በሌላ ስም አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ አስወግዶት ነበር፤ በዓመቱ ግን ሸሸግ ባለ መንገድ ለመመለስ ተገዷል።

ዛሬ ወደ ኮሌጅ የሚመጣው ዕጩ መምህር ኮምፒዩተርን ከማወቁ በፊት ስልክን ያውቃል። ስልክ ደግሞ መዘጋትን የሚደብቅ መሣሪያ ነው። ማኅደረ ትውስታው ሲጠብበት ከበስተጀርባ ያለውን ፕሮግራም ይዘጋዋል፤ ባለቤቱ ሲመለስ ግን ከቶ እንዳልተዘጋ አድርጎ ያቀርብለታል። በዚህ የለመደ ወጣት መሣሪያ የማይረሳ ነገር ይመስለዋል። ጸሐፊው በኮሌጁ የኮምፒዩተር ክፍል አንድ ቀላል መልመጃ ሞክሯል። ዕጩዎቹ አንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ በመካከል አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያም ታስክ ማናጀር በተባለው መሣሪያ ፕሮግራሙን በድንገት ያቋርጡታል። መሰኪያውን መንቀል ዲስኩን ሊጐዳ ስለሚችል አልተፈቀደም። እንደገና ከመክፈታቸው በፊት ግን የትኛው ዐረፍተ ነገር ድረስ እንደሚመለስ በወረቀት ላይ እንዲገምቱ ይደረጋል። ብዙዎቹ ሁሉም ይመለሳል ብለው ይጽፋሉ። ሰነዱ ተከፍቶ የጻፉት ገሚሱ ሲጐድል ካዩ በኋላ የሚያነሡት ጥያቄ በንግግር ከሚሰጥ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይበልጣል። መልመጃው አርባ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ምንም ወጪ የለውም።

ለዕቅድ አውጪዎችም የሚባል አለ። ጊቤ ሦስት የተገነባው በዚያው በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ በ400 ኪሎ ቮልት መሥመር ወደ ሶዶ ይሄዳል፤ ከሶዶም እስከ ኬንያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ መሥመር ተዘርግቷል። ይህ ሁሉ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ መብራት እንዳይቋረጥ ዋስትና አይሆንም፤ በታላቁ መሥመርና በቢሮው መካከል ዛፍ የሚወድቅበትና ነፋስ የሚያወዛውዘው የማከፋፈያ ሽቦ አለና። ስለዚህ ኮምፒዩተር ሲገዛ የመብራት መጥፋት እንደ መደበኛ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ባትሪው ደኅና የሆነ አንድ ላፕቶፕ፣ ወይም ለጥቂት ደቂቃዎች የሚያቆይ ዩፒኤስ ያለው አንድ ዴስክቶፕ፣ ድንገተኛውን መጥፋት ወደ ፈቃደኛ መጥፋት ይለውጠዋል። ዩፒኤስ ሳይኖራቸው የተገዙ አምስት ዴስክቶፖች ከዚህ ይልቅ በሪፖርት ላይ ያምራሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት በመጀመሩ፣ መሣሪያ በመካከል ቢጠፋ ከመልሶቹ የትኞቹ እንደሚመለሱ ለተማሪው በቅድሚያ ማስረዳት የመምህሩ ሥራ ወደ መሆን ተቃርቧል።

የቤሌው ክፍል ኃላፊ ከዚያ በኋላ በሮስተሩ ላይ አንድ ጠባብ ዓምድ ጨመረ። ዓምዱ የሚያደርገው ለእያንዳንዱ ተማሪ ስንት ትምህርት ውጤት እንደ ገባለት መቁጠር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ከትምህርቶቹ ብዛት ካነሰ አማካይና ደረጃ አይወጣም፤ ቦታው ባዶ ይሆናል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መዝጊያ ጸሐፊው ተመልሶ ሲጎበኝ ሮስተሩ በስክሪኑ ላይ ነበር፤ ከታች ሦስት ተማሪዎች ደረጃ አልነበራቸውም። በዚያን ቀን መብራት አልጠፋም። የእንግሊዝኛው መምህር የሦስቱን ውጤት ገና አላስረከበም ነበር፤ የክፍል ኃላፊውም ኮምፒዩተሩን ክፍት ትቶ እርሱን ለመፈለግ ወጥቶ ነበር።